ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና የጅቡቲው የምድር ባቡር ኩባንያ ኪሳራ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወጣው የምድር ባቡር በተወሳ ጊዜ፥ ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ስም ቀጥሎ የሚነሣው የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ስም ነው። ስለ እኒህ ሰው መሐንዲስነትና አማካሪነት ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን ያቋቋሙት ኩባንያ በዕዳ ተይዞ በ1907 ዓ.ም. እንደ ከሰረ፥ ሥራውም ከኪሳራው በኋላ በሕግና በውል መንገድ እንዴት እንደ ተረፈ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ ግን ከድልድዩና ከውሃ ቧንቧው ይልቅ ይህኛው የታሪካቸው ክፍል ይበልጥ ሳይጠቅም አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሙሴ ኢልግ መጋቢት 30 ቀን 1854 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራወንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው መጀመሪያ የብረታ ብረት እጅ ሥራ ተማሩ፤ ከዚያም በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የመካኒክ ምሕንድስና አጠኑ። በዚያ ዘመን የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንድ የአውሮፓ የእጅ ጥበብ ዐዋቂ ፈልገው፥ በዓደን ለሚገኝ አንድ የስዊስ የንግድ ቤት ጥያቄ ልከው ነበር። ዕጣው ለኢልግ ወጣ። ከሁለት የአገራቸው ሠራተኞች ጋር በ1878 ዓ.ም. ተነሥተው፥ በዘይላ በኩል በረሃውን አቋርጠው፥ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ አንኮበር ደረሱ።

በዚያን ጊዜ የዛሬዋ የጅቡቲ ከተማ ገና አልተቈረቈረችም ነበር። የሸዋ ነጋዴ ዕቃውን ለማውጣትም ሆነ ለማስገባት በዘይላ ወይም በታጁራ በኩል ነበር የሚሄደው። ከባሕር እስከ አንኮበር ያለው መንገድ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ ግመል ይሞታል፥ ውሃ ይጠፋል፥ በየጐሣው ወሰን የመተላለፊያ ግብር ይከፈላል። የአንድ ሲራራ ዕቃ ዋጋ በባሕሩ ዳርና በሸዋ ገበያ መካከል እጅግ የሚራራቀው በዚህ ምክንያት ነበር። ሙሴ ኢልግ ይህን መንገድ በእግራቸውና በበቅሎ ደጋግመው የተመላለሱበት በመሆናቸው፥ የምድር ባቡር አሳብ በልባቸው ያደረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከድካም የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ እንዲሰፉ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዋቸው ነበር የሚለው ወሬ በሰው አፍ የቆየ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። በ1894 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገቡ፤ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም ብሎ ይከራከር የነበረው መኳንንትም በዚያን ቀን ዝም አለ ይባላል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ቴምብር በፓሪስ ሲታተም፥ የምኒልክ መልክ ያለበት ብርም በፓሪስ ሲቀረጽ፥ በጉዳዩ ውስጥ ሙሴ ኢልግና ጓደኛቸው ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሌዮን ሼፍኖ ነበሩበት።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ከኢጣልያ፥ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የተደረጉት ውሎች ሲመከሩ ሙሴ ኢልግ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ነበሩ። በ1897 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው ክቡር ተብለው ተጠሩ። ከዚያ ወዲያ አንድ የውጭ አገር መልእክተኛ ወደ ዓፄ ምኒልክ የሚቀርብበት በር በአብዛኛው በሙሴ ኢልግ ቤት በኩል ነበር። ታዲያ የኋላው ችግር ፍሬ የተዘራው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ምክንያቱም አማካሪው ራሳቸው የአንድ ትልቅ የንግድ መብት ባለቤት ሆነው ነበርና።

መብቱ የተገኘው መጋቢት 9 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። ዓፄ ምኒልክ በዚያን ቀን በሰጡት የፈቃድ ውል፥ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር፥ ከሐረር እንጦጦ፥ ከእንጦጦም አልፎ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ሐዲድ ለመዘርጋት ለሙሴ ኢልግ ፈቀዱ። ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። ሌላ ኩባንያ ከቀይ ባሕር ወይም ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ይህን የሚሻማ ሐዲድ እንዳይሠራ ተከለከለ። ኩባንያው በሐዲዱ ጐን የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ ግዴታ ገባ፤ ለወጪው መካሻም በባቡሩ ከሚጫነው ሸቀጥ ከመቶ ዐሥር ቀረጥ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሙሴ ኢልግና ሙሴ ሼፍኖ በዚህ ፈቃድ ላይ ተመሥርተው በ1896 ዓ.ም. ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የሆነ የአክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙም የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ንጉሣዊ ኩባንያ ተባለ።

የሕግ ሰው ይህን ውል ቢያገኘው ኖሮ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ነገሮች ነበሩ። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው ወይስ ለኩባንያው? ኩባንያው መብቱን ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ መንግሥት ሊያስተላልፍ ቢፈልግ የሰጪው ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ከመቶ ዐሥሩ ቀረጥ የመንግሥት ገቢ ነው ወይስ የኩባንያው ንብረት? ኩባንያው ቢከስር ሐዲዱ የማን ይሆናል? በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ውል ከሆነስ የሚታመነው የትኛው ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በኢትዮጵያ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ምስክር ነው። በኢትዮጵያ የጥብቅና ሞያ የቆየ ቢሆንም፥ በላ ልበልሃ ብሎ ዳኛ ፊት የሚከራከረው ነገረ ፈጅ የሚያውቀው ርስትን፥ ደምንና ዋስትናን ነበር። የአክሲዮን ማኅበርና የዕዳ ሰነድ ሕግ ግን በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ውሉ የተመሠረተው በዓፄ ምኒልክና በሙሴ ኢልግ መካከል በነበረው መተማመን ላይ ነበር፤ መተማመን ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆን ይበቃል፥ ሦስተኛ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሲገባ ግን አይበቃም።

የጅቡቲ ነገር በመካከሉ ተለውጦ ነበር። የፈረንሳዩ ገዢ ሙሴ ሌዮንስ ላጋርድ ከኦቦክ ይልቅ ለመርከብ ማረፊያ የተሻለውን ይህን ቦታ መርጠው በ1888 ዓ.ም. ከተማዋን አስጀምረው ነበር፤ በ1896 ዓ.ም. የግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። የባሕር ድንጋይ ከሆኑት ደሴቶች አንዱን ከአንዱ በድልድል እያያያዙ፥ የጅቡቲን፥ የእባብንና የማራቡን አምባዎች አንድ ከተማ አደረጓቸው። ዓረብ፥ ሱማሌ፥ ዓፋር፥ ሕንድ፥ ግሪክ፥ አርመንና ፈረንሳዊ ነጋዴ ተሰበሰበባት። በጥቅምት 1897 ዓ.ም. የሐዲዱ ሥራ ከዚህ ተጀመረ።

ሥራው ከተገመተው በላይ ከባድ ሆነ። ከባሕሩ ዳር እስከ ጠረፍ ያለው ወደ መቶ ኪሎሜትር የሚጠጋ ምድር ደረቅና ገደላማ በመሆኑ እንደ ሆልሆል ያሉ ረጃጅም የብረት ድልድዮች መሥራት ግድ ሆነ። የኢሳ ሱማሌዎች መሬታቸው ሳይጠየቅ ሐዲድ ሲዘረጋበት ተቃወሙ፤ በሠራተኛውና በእነርሱ መካከልም ደም ፈሰሰ። ውሃ በሩቅ ይጓጓዛል፤ የሐዲዱ ብረትም ሁሉ በመርከብ ከአውሮፓ ይመጣል። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው የማይቻል ሆኖ በመታየቱ፥ መሐንዲሶቹ ሐረርን በግራ ትተው በቆላው በኩል ለማለፍ ወሰኑ። በታኅሣሥ 1902 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎሜትር ያህል ተጉዞ ሐዲሲቱ ድሬዳዋ ደረሰ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን የኩባንያው ኪስ ባዶ ሆኖ ነበር። የፓሪስ ባለገንዘብ ለአፍሪቃ ሐዲድ ገንዘቡን በቀላሉ የሚሰጥ አልሆነም። በዚህ ጊዜ ሙሴ ሼፍኖ ወደ ሎንዶን ባለገንዘቦች ፊታቸውን መለሱ። እንግሊዞቹ ገንዘብ እያበደሩና የዕዳ ሰነድ እየገዙ የኩባንያውን ውስጥ መያዝ ጀመሩ፤ በ1901 ዓ.ም. ያን ጥቅም የሚያስተዳድር ማኅበር በሎንዶን አቋቋሙ። ይህ በፓሪስ በተሰማ ጊዜ የቅኝ አገር ወዳጅ የሆነው የፈረንሳይ ወገን በጋዜጣና በምክር ቤት ጩኸት አሰማ። የፈረንሳይ መንግሥትም የካቲት 6 ቀን 1902 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ስምምነት አደረገ፤ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ እርዳታ ሊሰጥ፥ በምላሹም ኩባንያውን ሊቈጣጠር።

ይህን ስምምነት አንዱ መንግሥትና አንዱ ኩባንያ ሲፈራረሙ፥ የፈቃዱ ሰጪ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት አልተጠየቁም። ዓፄ ምኒልክ በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ፥ ተቈጡም። ለአንድ ነጋዴ ኩባንያ የሰጡት መብት በእጅ አዙር ለውጭ መንግሥት መተላለፉን እንደ መደፈር ቈጠሩት። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲያ እንዲቀጥልም ፈቃዳቸውን ያዙ። ከላይ የተጠቀሱት ጥያቄዎች በጽሑፍ ሳይመለሱ በመቅረታቸው አሁን በፖለቲካ መመለስ ነበረባቸው። ሙሴ ኢልግም የሁለቱ ወገኖች ሰው በመሆናቸው በመካከል ተጨነቁ። እንግሊዞች ለፈረንሳይ ያዳላሉ ብለው ከሰሷቸው፤ በቤተ መንግሥትም እምነቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የመንግሥት አማካሪ ሆኖ የኩባንያም መሥራች መሆን በሕግ ያልተከለከለበት ዘመን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጠበቃ ሁለት ተከራካሪዎችን በአንድ ጉዳይ መወከል እንደማይችል ማንም የሚያውቀው ሕግ ነው፥ የአማካሪም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለኩባንያው ድሬዳዋ ላይ መቆም የሞት ያህል ነበር። የሐዲዱ ትርፍ የሚጠበቀው ከደጋው ቡና፥ ቆዳና ሰም ነበር፤ የሸዋ ሲራራ ግን እስከ ድሬዳዋ ድረስ ብዙ ቀን በግመልና በበቅሎ መጓዙ አልቀረለትም። የጭነቱ ገቢ ለባቡሩ ማካሄጃና ለወለዱ አልበቃም። በ1905 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ የኃያላን መንግሥታትን እንደራሴዎች ሰብስበው፥ እርስ በርሳችሁ ካልተስማማችሁ ሐዲዱን እኔው ራሴ እሠራዋለሁ የሚል አሳብ ነገሯቸው። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 ዓ.ም. በሎንዶን በተፈራረሙት ውል እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ የፈረንሳይ እንዲሆን ተስማሙ። ስምምነቱ ግን ለአሮጌው ኩባንያ ዘግይቶ የመጣ መድኃኒት ነበር። በ1907 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ፥ ሒሳቡም ወደ ማጣራት ገባ።

እዚህ ላይ ኪሳራ በሕግ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ነጋዴ ኪሳራን ከውርደት በቀር ሌላ ትርጉም የሌለው አድርጎ ያየዋልና። በጥንቱ የኢትዮጵያ ልማድ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆኖ ይታሰር ነበር፤ የታሰረው ሰው ሠርቶ ሊከፍል አይችልም፥ አሳሪውም ሥራውን ፈትቶ ይውላል። አውሮፓም ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር፤ በፈረንሳይ ስለ ዕዳ መታሰር የቀረው በ1867 ዓ.ም. ነው። የናፖሌዎን የንግድ ሕግ የወጣው በ1807 ዓ.ም. ሲሆን፥ በከሰረ ነጋዴ ላይ እጅግ የጨከነ ነበር። በ1838 ዓ.ም. ጥቂት ለዘበ። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ በር ከፈተ፤ ክፍያ ያቆመ ቅን ነጋዴ በ15 ቀን ውስጥ ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢያስታውቅ፥ ንብረቱን ሙሉ በሙሉ ሳይነጠቅ በአጣሪ እየተረዳ ሥራውን እንዲያስተዳድር ተፈቀደለት። ሳያስታውቅ የዘገየ፥ መዝገቡን የደበቀ ወይም አንዱን አበዳሪ ከሌላው ለይቶ በስውር የከፈለ ግን ወደ ጥብቁ የኪሳራ ፍርድ ይወርዳል።

የጠበቃ ረድኤት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ጠበቃው በመጀመሪያ ደንበኛውን መዝገቡን ይዞ እንዲቀርብ ያደርገዋል፤ ቀኑ ሳያልፍ ማመልከቻውን ይጽፍለታል። ከዚያ በኋላ አበዳሪዎች ሁሉ ይጠራሉ፤ እያንዳንዱ ሰነዱን ያቀርባል፥ እያንዳንዱ ዕዳ ይመረመራል። ሐሰተኛው ወይም የተጋነነው ይወድቃል። እውነተኞቹም በተራ ይደረደራሉ፤ የፍርድ ቤቱ ወጪና የሠራተኛው ደመወዝ ይቀድማል፥ መያዣ የያዘ አበዳሪ በመያዣው ይጠበቃል፥ መያዣ የሌለው ከቀረው ላይ በየድርሻው ይካፈላል፥ ባለአክሲዮን መጨረሻ ይቆማል፥ ብዙውን ጊዜም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከአበዳሪዎቹ በቍጥር የሚበልጡት፥ በገንዘብም ከዕዳው ሦስት እጅ ሁለቱን የያዙት ከተስማሙ፥ ዕዳው በከፊል ተምሮ ወይም ጊዜ ተሰጥቶት ሥራው ሊቀጥል ይችላል። የተቀሩትም በዚያ ስምምነት ይገደዳሉ። አንዱ ግትር አበዳሪ ሁሉን እንዳያፈርስ የሚያግደው ይህ ነው።

በአክሲዮን ማኅበር ደግሞ አንድ ተጨማሪ መከላከያ አለ። የኩባንያው ዕዳ የኩባንያው ነው፤ ባለአክሲዮኑ የሚያጣው የከፈለውን አክሲዮን እንጂ ቤቱንና መሬቱን አይደለም። ከዘመዱ ጋር በቃል ተማምኖ የሚነግድ ሰው ይህን ልዩነት የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ ከኪሳራው በኋላ ነው።

ያለ ሕግ ሰው የሚደረግ የዕዳ ማጣራት ምን እንደሚመስል ሙሴ ኢልግ ራሳቸው ቀደም ብለው በዓይናቸው አይተው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ፥ በአገሩ በቅኔ የታወቀው፥ በዚህ አገር ግን ነጋዴ ሆኖ የመጣው ሰው፥ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋ መጣ። የንግዱ ሸሪክ ፒየር ላባቱ ከመነሣታቸው በፊት በበሽታ ሞቶ ነበር። ራምቦ እንጦጦ በደረሰ ጊዜ ዓፄ ምኒልክ ጠመንጃውን በቅናሽ ገዙት፤ ከዋጋውም ላይ ላባቱ ለቤተ መንግሥት አለበት የተባለውን ዕዳ ቀነሱ። የላባቱ ሚስትና የላባቱ አበዳሪዎችም እያንዳንዳቸው መጥተው የየራሳቸውን ጠየቁ። ማን ቀድሞ መጣ፥ ማን ከፍ አድርጎ ጮኸ የሚለው የክፍያ ተራ ሆነ። ይባስ ብሎም ራምቦ የሟቹን መዛግብት አቃጥሎ ነበር፤ ከመካከላቸው የንብረት ሰነድ እንደ ነበረባቸው የሰማው በኋላ ነው። በመጨረሻም በዓደን ለሚገኘው የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል ረጅም የሒሳብ መግለጫ ለማቅረብ ተገደደ። ከዚያ ወዲያ ራምቦ በሐረር ሲነግድ ሙሴ ኢልግ በሸዋ ሆነው ዕቃውን ይሸጡለት ነበር፤ ሁለቱም እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስ ተጻጽፈዋል። በዚያ ዓመት ራምቦ በእግሩ ሕመም ወደ ማርሴይ ተወስዶ፥ እግሩ ተቈርጦ፥ ኅዳር 10 ቀን ሞተ። በጅቡቲ ከተማ አንድ አደባባይ ለብዙ ዘመን በስሙ ሲጠራ ኖሮ፥ ከነጻነት በኋላ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ተሰይሟል።

ወደ ኩባንያው ነገር እንመለስ። የከሰረ ነጋዴ ሱቁ፥ ዕቃውና ቤቱ ተሸጦ ለአበዳሪዎቹ ይከፋፈላል። የምድር ባቡር ግን እንዲህ አይሸጥም። በበረሃ የተዘረጋ ሐዲድ ተነቅሎ ቢሸጥ የብረት ዋጋ እንኳ በቅጡ አያወጣም፤ ባቡሩ እየሄደ፥ ወደ ፊትም የመቀጠል መብት ይዞ ሲተላለፍ ግን ዋጋ አለው። መብቱ ደግሞ በፓሪስ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ በዓፄ ምኒልክ እጅ ነበር። ስለዚህ የሒሳብ ማጣራቱ ሥራ ከአበዳሪዎች ጋር ብቻ ሊያልቅ አልቻለም። በ1902 ዓ.ም. የተዘነጉት ንጉሠ ነገሥት በ1907 ዓ.ም. ያለ እርሳቸው ፈቃድ ምንም የማይፈጸምባቸው ዋና ባለ ጉዳይ ሆነው ተገኙ። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን ተረድቶ ሙሴ ክሎቡኮቭስኪን ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ላከ።

ጥር 10 ቀን 1908 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል በአዲስ አበባ ተፈረመ። በዚህ ውል 7ኛ አንቀጽ በኢትዮጵያዊና በፈረንሳይ ተገዢ መካከል የሚነሣው ክርክር በኢትዮጵያዊ ዳኛና በቆንሲሉ አብሮ መቀመጥ እንዲታይ፥ የተከሳሹም አገር ሕግ እንዲፈጸም ተወሰነ፤ በኋላ በአዲስ አበባ የቆመው ልዩ ፍርድ ቤት የዚህ አንቀጽ ፍሬ ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴ በውጭ አገር ሰው ላይ የገንዘብ ክስ ሲያቀርብ ፈረንሳይኛና የፈረንሳይ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነበር። ይህ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው፤ የውጭ አገር ሰዎች በአገሩ ዳኛ ብቻ አለመዳኘታቸው የመንግሥትን ሥልጣን ጐድቶታል፥ ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ነገረ ፈጆች የተጻፈ የንግድ ሕግ የለመዱበት አንዱ በር ይህ ነው።

ከሃያ ቀን በኋላ፥ ጥር 30 ቀን 1908 ዓ.ም.፥ አዲስ የፈቃድ ውል ወጣ። የተሰጠው ለሙሴ ኢልግ አልነበረም፤ የጓድሉፕ ተወላጅ ለሆኑት ለዓፄ ምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ጆዜፍ ቪታሊየን ነበር። በዚህ ፈቃድ ላይ የጅቡቲ አዲስ አበባ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1909 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በሕግ ዋስትናውን አጸናለት። እንደገና የተጀመረው ሥራ በጦርነቱ መካከልም ሳይቋረጥ አዲስ አበባ ደረሰ፤ የሐዲዱም ርዝመት 784 ኪሎሜትር ያህል ሆነ። በዚህ በኩል ካለው የምጽዋ ሐዲድ ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ ይታያል፤ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ በ1888 ዓ.ም. የተሠራውና በ1911 ዓ.ም. አስመራ የደረሰው ሐዲድ የተሠራው በመንግሥት ገንዘብ በመሆኑ፥ ፓሪስ ወይም ሎንዶን የሚጮኽ የዕዳ ሰነድ ባለቤት አልነበረበትም። ቀስ ብሎ ሄደ፥ ነገር ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ኪሳራና ስለ ማኅበሮች የተጻፈ ሕግ ያወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፈረንሳውያኑ ሊቃውንት በዣን ኤስካራና እርሱ ከሞተ በኋላ በአልፍሬድ ዦፍሬ እጅ ተዘጋጅቶ፥ አምስተኛውን መጽሐፉን በሙሉ ለመክሠርና ከአበዳሪዎች ጋር ለሚደረግ መጠበቂያ ስምምነት ሰጠው፤ በ2021 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ እስኪሻሻል ድረስም በዚያ መልኩ ኖረ። የምድር ባቡሩም ኩባንያ በ1959 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ውል የሁለቱ መንግሥታት እኩል ድርሻ ሆነ፤ ጅቡቲ በ1977 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ በአዲስ አበባ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በጅቡቲ ሲመረቅ፥ የአሮጌው ባቡር ሥራ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ከፈረንሳይኛው ቃል የመጣው ለገሃር የሚለው የጣቢያው ስም ግን በአዲስ አበባ ሰው አፍ ቀርቷል።

ሙሴ ኢልግ የኩባንያቸውን መፍረስ የተመለከቱት ከሩቅ ሆነው ነው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋኒ ጋቲከርን ያገቡት በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ ልጆችም ወልደው ነበር። በ1906 ዓ.ም. ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ስዊስ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት፥ ኩባንያው በከሰረበት በዚያው ዓመት፥ የመንግሥት አማካሪነቱን ሥራ ተዉ። ዓፄ ምኒልክም በዚያን ጊዜ ሕመም ጀምሯቸው ስለ ነበር፥ ሰላሳ ዓመት ገደማ አብረው የሠሩት ሁለቱ ሰዎች ዳግመኛ አልተገናኙም። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሴ ኢልግ በኢትዮጵያ የሰበሰቡት የዕደ ጥበብ ዕቃ በዙሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የሕይወት ታሪካቸውንም የአገራቸው ሰው ፕሮፌሰር ኮንራድ ኬለር በ1918 ዓ.ም. በጀርመንኛ ጽፎ አሳተመ።

እርሳቸው ግን ያን መጽሐፍ አላዩም። ጥር 7 ቀን 1916 ዓ.ም. በዙሪክ በ61 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1917 ዓ.ም. ነው፤ የጫነውም የጅቡቲን ዕቃ፥ የያዘውም የሌላ ኩባንያ ስም ነበር።